የዳባት ቤት በመተማ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ወይ ነጋዴ ነው፣ ወይ ሰሊጥ አጫጅ፣ ወይ መንግሥት የመደበው። እኔን ግን ያወረደኝ የገዛ እጄ ሥራ ነው። ከተመለስኩ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። መንገዱን ላላያችሁት ወዳጆቼ፣ በተለይም በየቀኑ "እስቲ ስለ ሙቀቱ አጫውተን" እያላችሁ ለምታደርቁኝ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች፣ ከመነሻው ጀምሬ ልንገራችሁና ልረፍ።

ፕላን ነዳፊ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዳባት መምህራን አንድ መኖሪያ ቤት ነደፍኩ። ጥሩ ቤት ነው፣ ዛሬም እኮራበታለሁ። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቶቹ ትናንሽ፣ የግድግዳውና የቆርቆሮው መጋጠሚያ ብርድ እንዳያስገባ በጭቃ ድፍን ያለ። ሁለቱም መስኮቶች የከሰዓቷ ፀሐይ ገብታ አልጋውን እንድታሞቅ ወደ ምዕራብ ያያሉ። ጥግ ላይ ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው የእሳት ማንደጃ አለው። የዳባት መምህራን እስከ ዛሬ ይመርቁኛል።

ከዚያ አለቃችን "ለመተማዋ የጤና ረዳትም ቤት ያስፈልጋል፣ ቶሎ!" አሉኝ። ጊዜ አልነበረኝም ብል ደስ ባለኝ። ጊዜስ ነበረኝ፣ ስንፍና ያዘኝ። "ዳባት" የሚለውን በላጲስ አጠፋሁና "መተማ" ብዬ ጻፍኩበት።

ቤቱ በፕላኑ መሠረት ተሠራ። ግንበኞቹ አንዲት ነገር አላጎደሉም፣ ማንደጃውን እንኳ ሳይቀር። ከዓመት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ "ይህን ቤት የነደፈው ጓድ መጥቶ አንድ ከሰዓት ይቀመጥበት። ከዚያ ዝውውሬ ይፈቀድልኝ። ጥሩወርቅ፣ የጤና ረዳት።" አለቃችን ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ "ጓድ ተካ፣ ተጋብዘሃል" አሉኝ። ለዚያ ሁሉ ቆላ ያለችው ሐኪም እሷ ብቻ ናት። እሷ ከወጣች ተተኪ ወርዶ እስኪደርስ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም። "ሄደህ ቤቱን የሚኖሩበት አድርገው፣ አለዚያ አንተኑ ጤና ረዳት አድርጌ እልክሃለሁ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልንነሳ ነበር። የይለፍ ወረቀታችን ላይ ማኅተም የሚመታው ሰው ስብሰባ ገብቶ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ሆነ። ባለቤቴ ሹራብ፣ ጋቢ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራልኛለች። ላንድሮቨሩ ላይ ሁለት ጥቅል አቡጀዲ አስጭኛለሁ። መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ኮርኒስ እወጥርላታለሁ፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ሾፌራችን ሙሉጌታ ቦርጫምና ጨዋታ አዋቂ ነው። አዘዞን አልፈን ወደ ጭልጋ ስንታጠፍ ሹራቤን እያየ፣ "ጋሽ ተካ፣ ይቺን ለማን ነው የያዟት?" አለኝ።

"ለራሴ ነዋ! መንገድ አይታመንም።"

"እሱስ እውነት ነው። ላብዎን ይጠርጉባታል።"

አይከል የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። አይከል ገና ደጋ ነው፣ አየሩ እንደ እኛው ሰፈር ቆንጠጥ ያደርጋል። ያሳደሩን እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ናቸው። የጾም ሽሮ በትልቅ ሸክላ ድስት አቀረቡልንና አልጋዬ ላይ የራሳቸውን ቡልኮ ደረቡልኝ። ቤታቸው ልክ እንደ ዳባቱ ቤቴ ዝቅ ያለና ሙቅ ነው። "ይኸውልህ፣ ቤት ማለት እንዲህ ነው" አልኩት ሙሉጌታን። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ።

ረቡዕ

ከአይከል ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። አንድ ሰዓት ያህል እንደወረድን የዳቦ ቤት በር እንደተከፈተ ያለ ሙቀት ፊቴን መታኝ። መጀመሪያ ሹራቤ ወለቀ። ቀጥሎ ኮቴ። ነጋዴ ባሕር ስንደርስ ከሸሚዜ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነበር የተቆለፈው፣ በዚህ ዕድሜዬ።

ከዚያ ትንሽ እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ሙሉጌታ ክሪኩን ቢፈልግ ቢፈልግ የለም፣ ለካ ጎንደር ረስቶታል። ወይ ጉድ! ስቆጣው ሦስት መንገደኞች ደረሱ። አንደኛው ሙሄ ይባላል፣ ወሎዬ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ ጓደኞቹ ሲመለሱ እሱ ቀርቷል።

"አብሽሩ፣ ምን ችግር አለው" አለና አንድ ግንድ ከመንገድ ዳር ጎትቶ አመጣ። ግንዱን ከመኪናው ሥር አስገብተው ሦስቱ ተጫኑት፤ መኪናዋ ብድግ አለች። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ላባቸው ጠብ ጠብ እያለ ያዙልን። ሁለቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ ሙሄን ግን መተማ ድረስ ጫንነው። ሥራው ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ "ክረምት አርማለሁ፣ መኸር አጭዳለሁ፣ በጋ ላይ የሰው ቤት እከድናለሁ" አለኝ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ማታ ሸሕዲ ገባን። አልቤርጎ ያልነው ግቢ ውስጥ እንግዳው ሁሉ ደጅ ነው የሚተኛው፣ ከገመድ በተሠራ አልጋ ላይ፣ በአገዳ ዳስ ሥር። ዳሱን ራኩባ ይሉታል፣ ቃሉ ከሱዳን የመጣ ነው። እኔ ጎንደሬው ደጅ አልተኛም አልኩ። ባለቤቲቱ "ኧረ ተዉ አባቴ፣ ክፍሉን ለዕቃ ነው የምንጠቀምበት" ብላ ሁለት ጊዜ ለመነችኝ። አሻፈረኝ ብዬ ገባሁ። ሩብ ሰዓት ሳልቆይ ፍራሼን ተሸክሜ ስወጣ ግቢው ሙሉ ሰው አየኝ። ማንም አልሳቀም፣ እግዜር ይስጣቸው። ሴትዮዋ ግን ሳልጠይቃት ውሃ የነካ ነጠላ አምጥታ አለበሰችኝና ተኛሁ።

ሐሙስ

ከሸሕዲ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። መሬቱ ጥቁር ሆኖ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ግራና ቀኙ ተቃጥሎ አመድ ለብሷል። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። መተማ ዮሐንስ ስንደርስ ቀትር አልፏል።

ጥሩወርቅን ያገኘኋት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ክሊኒኩ አገሬው ቀደም ሲል ያቆመው የሣር ክዳን ቤት ነው፣ ሲገቡበት ልብ ይመልሳል። የእኔ ቤት ከኋላው እያብለጨለጨ ተቀምጧል። ልጅቷ የጎጃም ሰው ናት፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"እንኳን ደህና መጡ። ውሃ ይጠጡና ይግቡ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ቤቱ የሚያምርበት ሲበስል ነው።"

ገባሁ። ቆርቆሮው በላዬ ጧ፣ ጧ ይላል። የአልጋውን ብረት ነክቼ እጄን ነጠቅኩ። ጠረጴዛዋ ላይ የቆመችው ሻማ ከወገቧ ጎንበስ ብላለች። በምዕራብ መስኮቶቹ ፀሐይዋ እኔው እንዳዘዝኳት ገብታ አልጋው ላይ ተዘርግታለች። ማንደጃዬ ውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ነበር። ሲበቃኝ ተንደርድሬ ወጣሁ።

"ሃያ ሁለት ደቂቃ" አለ ሙሉጌታ፣ ሰዓቱን እያየ። ቆጥሮልኛል።

"እኔ ዓመት ሆነኝ" አለች ጥሩወርቅ።

"ልጄ፣ ሰው ሁሉ ደጅ ይተኛ የለም እንዴ? አንቺስ?"

"ምጥ የሚመጣው ማታ ነው፣ ጋሼ። ሌሊቱን ከወላድ ጋር ነኝ፣ ጠዋት በሽተኛ አያለሁ። የእኔ እንቅልፍ ከሰዓት ነው፣ ልክ በዚህ ሰዓት። ቤቱ አያስተኛ፣ ደጅ ብተኛ ሰው ይጠራኛል። ባለፈው ሳምንት የአንዱን ሕፃን መድኃኒት ለሌላው ልሰጥ ስል እናቱ ናት እጄን የያዘችው። ሰው ሳልገድል ልሂድ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ትመለሳላችሁ ተብሏል፣ አብሬያችሁ ነኝ።"

አንጀቴን በላችው። ይህን ሁሉ ያመጣው የአንድ ቀን ስንፍናዬና አንዲት ላጲስ ነው። ያን አቡጀዲ ከመኪናው ሳላወርድ ተውኩት።

ዓርብ

ጠዋት ሻይ ቅጠል ልገዛ ኢድሪስ ከሚባል ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ገብቼ መውጣት አቃተኝ። ሱቁ ቀዝቃዛ ነው! ጣሪያውን ባይ ቆርቆሮ ነው፣ እንደ እኔው።

"ያ ዙል፣ ምን ጠፋህ?" አለኝ። ዙል ማለት በእነሱ አነጋገር ሰውየው ማለት ነው።

"ሙቀቱ ጠፋኝ" አልኩት።

ሳቀና እጄን ይዞ ወደ ውጭ አወጣኝ። ከቆርቆሮው በላይ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ሌላ የአገዳ ጣሪያ አለ። በሁለቱ መካከል ነፋስ ሽው ይላል። "ቆርቆሮ ፀሐይ ካየ ያብዳል" አለኝ። "ጥላ አልብሰው፣ አደብ ይገዛል።" ግድግዳው ጣሪያው ጋ አይደርስም፣ ከላይ አንድ ስንዝር በሽመል ፍርግርግ ተትቷል፣ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። መስኮት በሰሜንና በደቡብ ብቻ፣ ከምዕራብ ምንም የለም፣ እንዲያውም ምዕራቡ ግድግዳ ላይ ራኩባ ተደግፎ ያጠላበታል። የሰሜኑ መስኮት ሥር ዚር የሚሉት ውሃ የሚያልብ ትልቅ ገንቦ ቆሟል። ነፋሱ ገንቦውን ዳብሶ ቀዝቅዞ ይገባል። እኔ ደብተሬን አውጥቼ እጽፋለሁ፣ ኢድሪስ ይስቃል። ስንት ዓመት ቤት ስነድፍ ነፋስ ጠላቴ ነበር፣ መግቢያ ስከለክለው ነው የኖርኩት።

ያኔ ሙሄ ቤት ከዳኝ መሆኑ ትዝ አለኝ። ከሾፌሩ ጋር ሻይ ሲጠጣ አገኘሁትና ከቆርቆሮው በላይ የሚደረብ ሣር ፈልጎ እንዲያመጣ ላክሁት። እኩለ ቀን ላይ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

"አንቱ፣ ሣር የለም። አገሩን እሳት በልቶታል። የተረፈው አመድ ነው።"

በመጋቢት የቆላ ሣር እንደሚቃጠል አላውቅም ነበር። ዳባት ሣር ቢፈለግ በየደጁ ክምር አለ።

ኢድሪስ ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ነገሩን ነገርኩት። ወደ ግቢው አስገባኝ። የማሽላ አገዳ ተከምሯል፣ አጥር አክሏል። እስከ ክረምት ድረስ የግመሎቹ ቀለብ ነው። ከክምሩ ሥር አራት ግመሎች እያመነዠኩ ያዩናል።

"ውሰድ" አለኝ።

"ኧረ በሞቴ፣ ግመሎችህ ምን ሊበሉ?"

"እኔ አንድ ነገር እፈልግላቸዋለሁ። ሚስቴ ዘሃራ የዛሬ ዓመት ምጥ ጠንቶባት ሦስት ቀን ተጨንቃለች። ያቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እጇን ሳትለቅ ልጄንም ሚስቴንም ሰጠችኝ። ወላሂ፣ ግመል አርዳችሁ ጣሪያ ሥሩ ብትሉኝም እሺ እላለሁ።"

ሽመል ለመቁረጥ የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ሰሙና፣ "ፈቃዱን እሰጥሃለሁ፤ እሑድ ጠዋት ስብሰባው ላይ ግን ስለዚህ ቤት ግለ ሂስ ታደርጋለህ" አሉኝ። ፈረምኩ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ሙሄ ጣሪያው ላይ፣ ሙሉጌታ መሰላሉ ላይ፣ እኔ ከታች። ለሽመሉ ተሸካሚ፣ ለጭቃው አቡኪ ሳንጠራው መጣ፣ ሁሉም ሐኪሟ ትሄዳለች የሚለውን ወሬ ሰምቷል። ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ከፍ አድርገን ሽመሉን ተከልን፣ ማገር አሰርን፣ አገዳውን ደረብን። የምዕራቡን መስኮቶች ደፍነን ሰሜንና ደቡቡን በረቀስን።

ከግድግዳው ራስ ላይ ያንን ብርድ ማገጃ ጭቃ ማፍረሱን ለማንም አልሰጠሁም፣ እኔው ላፍርሰው ብዬ ወጣሁ። በመዶሻ አንዴ ብመታው ከጠበቅኩት በላይ ተገምሶ ራሴ ላይ ወረደ። ዓይኔ ብቻ ቀረ። "ጋሽ ተካ፣ ቤቱን ለበሱት እኮ!" አለ ሙሉጌታ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ማንደጃውን ላፈርሰው ስል ደግሞ ሙሄ ከላይ ጮኸ። "አንቱ! ይተዉት! በዚህ በጭስ ማውጫው ነፋስ ሽቅብ ይሳባል፣ እጄ ላይ ይታወቀኛል።" ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፤ እውነቱን ነው። ጣሪያው ሥር ጭስ ማውጫውን ሸነቆርነው፣ ሙቀቱ በዚያ ሲወጣ ይሰማ ነበር። እሰይ! ከዳባቱ ቤት ለመተማ የጠቀመው ይኸው ብቻ ነው። ዶሮዋም ከነእንቁላሏ ወደ ኢድሪስ ግቢ ተዛወረች።

ምሳ ዘሃራ አመጣችልን። እኔና ሙሉጌታ ጿሚ መሆናችንን ሰምታ ባሚያ የሚሉትን የአትክልት ወጥ ለብቻው፣ ሥጋ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት፣ በሰሊጥ ዘይት ሠርታዋለች። ድስቱን ለዚሁ ስትል ገዝታ ነው። ከበላሁ በኋላ ከርከዴ ጠጣሁ፣ ቀይና ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ከጎንደር ጠጅ ባያስመርጥም ለዚያ ፀሐይ እሱ ይሻላል። ጥሩወርቅ ሁለት ጊዜ ከክሊኒኩ ብቅ ብላ አይታን ወደ በሽተኞቿ ተመለሰች። ማታ ሻንጣዋን ስትቆልፍ አየኋት። ወዲያው ለምጥ ተጠርታ ወጣች።

እሑድ

ስብሰባው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። መፈክሩ ካለቀ በኋላ ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁና ስለ ዳባት፣ ስለ ላጲሱ፣ ስለ ስንፍናዬ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

"ጓድ፣ ያ ጥግ ላይ ያለው ጉድጓድ ምንድን ነው? ዓመት ሙሉ ስንከራከር ነበር።"

"የእሳት ማንደጃ ነው፣ አባቴ። እንድትሞቀው ብዬ።"

ሊቀመንበሩ ጭምር እስኪንፈቀፈቁ ተሳቀ። ግለ ሂሴ በጭብጨባ ተቀባይነት አገኘ።

ጥሩወርቅ ከምጡ የተመለሰችው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ወንድ ልጅ ተወልዷል፣ እናቱም ደህና ናት። ቆማ ልትወድቅ ነው። ሻንጣዋን ሙሉጌታ እንዲጭነው አዘዘችው፣ ጫነው። አቡጀዲውን ቆራርጠን፣ በውሃ ነክረን በሰሜኑ መስኮት ላይ ሰቅለነዋል፣ ከሥሩ ኢድሪስ ከሱቁ ያመጣውን ዚር አቁሟል። እሷ ግን አንዱንም አላየችም።

"ስምንት ሰዓት ነው" አለችኝ። "እርስዎ ተቀምጠውበት የለ? እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ልቀመጥበት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንነሳለን።"

ገባች። እኛ ራኩባው ሥር ተቀመጥን፤ እኔ፣ ሙሉጌታ፣ ሙሄ፣ ኢድሪስና ሕፃኗን ያዘለችው ዘሃራ። ቆርቆሮው ጧ ይል እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። ዝም ብሏል። ነፋሱ ብቻ በአገዳው ውስጥ ይንሿሿል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አልወጣችም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሙሉጌታ ይቁነጠነጥ ጀመር፣ የሸሕዲ ኬላ ሳይዘጋ መድረስ አለብን። ዘሃራ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ሄዳ አየቻትና ተመልሳ፣ "ወላሂ እኔ አልቀሰቅሳትም" አለች። አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ተነሳሁ። እሄዳለሁ ያለች እሷ ናት፣ ሳልጠይቃት ጥያት ልሄድ አይገባኝም።

በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተጋድማለች። ግንባሯ ላይ ጠብታ ላብ የለም።

"ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ መኪናው ሊነሳ ነው።"

ዓይኗን አልገለጠችም።

"ሻንጣዬን ስታወርዱ ቀስ በሉ፣ ጋሼ" አለች፣ "ጠርሙስ አለበት።" ወደ ግድግዳው ዞረችና እንቅልፏን ቀጠለች።

እኔና ሙሉጌታ ሻንጣውን ግራና ቀኝ ይዘን አወረድነውና በሩ ሥር አኖርነው። ሞተሩን እዚያ አላስነሳነውም። ኢድሪስና ሙሄ ከኋላ፣ እኔ ከጎን ሆነን ላንድሮቨሩን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በእጃችን ገፋነው።